ታቢታና አላስገባ ያለው ገጽ

ታቢታ ኩማ መጀመሪያ ኮሌጁ ውስጥ የተቀጠረችው ለታይፒስትነት ነበር። ሀዋሳ ዳር ያለችው የቡሹሎ ልጅ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰች መናኸሪያ አጠገብ በነበረች ጠባብ የታይፕ ማሰልጠኛ ስድስት ወር ተማረች። ጣቶቿ ፊደሉን ሳታይ መልቀም ሲጀምሩ መሃል ከተማ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ ፈትኖ ወሰዳት። ጣቶቿ ፈጣኖች ነበሩ፤ ከጣቶቿ ይልቅ የሚፈጥነው ግን ጥያቄዋ ነበር። የጽሕፈት መኪናው ተነስቶ በምትኩ ኮምፒውተር የተቀመጠ ዕለት ሌሎቹ ጸሐፊዎች «ደግሞ ምን መጣብን!» እያሉ ሲያማርሩ፣ ታቢታ ከጠረጴዛው ሥር ተንበርክካ የትኛው ገመድ ወዴት እንደሚሄድ ስትከተል ተገኘች።

«ምን ጠፋባት?» ብለው ሳቁባት።

ምንም አልጠፋባትም። ማወቅ ፈልጋ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኮሌጁ ሰርቨር አስገባ። የተማሪውን ስም፣ ውጤትና ፋይል ሁሉ አንድ ቦታ የሚይዝ፣ የቀሩት ኮምፒውተሮች እየጠየቁት የሚሠሩ ዋና ኮምፒውተር ማለት ነው። ዮሴፍ የሚባል ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጥቶ ዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ተከለው። ሥራውን ጨርሶ ሊሄድ ሲል «ማን ይረከበኝ?» አለ። ስብሰባው ላይ የነበረው ሁሉ ጣራ ጣራውን አየ። ዲኗ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ወዲያ ወዲህ ቃኝተው፣ እጁን የሚያወጣ ሰው ሲያጡ፣ «በሉ ታቢታ ትሞክረው» አሉ። ያኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከባሏ ከክብሩ የወለደችውን ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ነበር። ሞከረችው።

ዮሴፍ ያሳያት ነገር ከባድ አልነበረም። ወደዚያች ክፍል መግባት ሳያስፈልጋት ከራሷ ጠረጴዛ ላይ ሆና ኢንተርኔት እንደሚከፍት ሰው አንድ አድራሻ ትጽፋለች። መግቢያ ገጽ ይመጣል። ስሟንና ፓስዎርዷን ስታስገባ የሰርቨሩ ማስተዳደሪያ ይከፈትላታል። ከዚያ ወዲያ አዲስ ተማሪ ማስገባቱ፣ ፓስዎርዱን የረሳ መምህር መታደጉ፣ የሞላውን ማራገፉ ሁሉ የማውስ ጠቅታ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ገጽ አንድም ቀን ፊቱን አዙሮባት አያውቅም።

በ2002 ዓ.ም. ጥምቀት ካለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ጥር 20 ቀን ጠዋት ግን ፊቱን አዞረ።

ታቢታ እንደ ወትሮዋ ስሟንና ፓስዎርዷን ጽፋ አስገባች። ገጹ ትንሽ አሰበና መልሶ እዚያው መግቢያው ላይ አስቀመጣት። ከላይ በቀይ፣ በእንግሊዝኛ፣ «የቆይታ ጊዜዎ አልቋል፤ እባክዎ እንደገና ይግቡ» ይላል።

«ገና ሳልገባ እንዴት ነው ያለቀው?» አለችው ስክሪኑን።

እንደገና ገባች። እንደገና አስወጣት። አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባት።

ነገሩ ሌላ ቀን ቢሆን እንኳ ባልከፋ። ቅዳሜ ግን፣ ማለት ከነገ ወዲያ፣ ሰማንያ አራት የቅዳሜና እሁድ ተማሪዎች ለምዝገባ ይመጣሉ። ከይርጋለም፣ ከአለታ ወንዶ፣ ከዚያም ርቀው ከሚገኙ ቀበሌዎች የሚመጡ፣ ሥራ ላይ ያሉ፣ አንዳንዶቹ ልጅ ያዘሉ ሰዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው በዚያ ገጽ በኩል ስምና ፓስዎርድ ሊወጣላቸው ይገባል። ገጹ ካልተከፈተ እንደመጡ ይመለሳሉ።

ታቢታ መደናገጥ አልወደደችም። «አንድ በአንድ» አለች ለራሷ። መጀመሪያ ፓስዎርዱን ጠረጠረች። ሆን ብላ የተሳሳተ ፓስዎርድ ስታስገባ ገጹ «የተሳሳተ ፓስዎርድ» አላት። ትክክለኛውን ስታስገባ ግን «ጊዜዎ አልቋል»።

«እንግዲያ ያውቀኛል» አለች። «አውቆ ነው የሚያስወጣኝ።»

ይኼ ግኝት ትንሽ አስደሰታት። ቀጥላ የራሷን ኮምፒውተር ጠረጠረችና ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄዳ በዚያ ኮምፒውተር ሞከረች። ያው ነው። ሰርቨሩን አጥፍታ አስነሳችው። ያው ነው። ምሳ ሰዓት አለፈ፤ ክብሩ የቋጠረላት ምሳ ሳይፈታ ዋለ። ስምንት ሰዓት ላይ ለዮሴፍ ደወለች።

ዮሴፍ ሌላ ሥራ ላይ ነበር፤ በአንድ ጆሮው ነው የሰማት።

«ታቢታ፣ አትድከሚ። ሁሉንም አጥፊና እንደ አዲስ ጫኚው። ግማሽ ቀን ቢፈጅብሽ ነው።»

«ውስጡ ያለው የተማሪ ውጤትስ?»

«ቅጂ የለሽም?»

«ያለኝ የታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ የገባው የመንፈቅ ፈተና ሁሉ ይጠፋል።»

«እንግዲህ ምን ይደረግ፤ አንዳንዴ እንዲህ ነው» አለና ቻው አላት።

ታቢታ ስልኩን ዘጋች። የታመመን ሰው ሳይመረምሩ መቅበር ሆኖ ታያት። ደግሞ ገጹ ያውቃታል፤ ያስወጣታል እንጂ ያውቃታል። የሚያውቅህ ሰው ከደጅ ከመለሰህ ምክንያት አለው።

ወሬው ኮሌጁን ለማዳረስ አልዘገየም። ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ ሁለት መምህራን ሲያልፉ አንደኛው «ድሮስ ታይፒስት ምን ታድርግ?» ሲል ሰማችው። ጉንጯ ጋለ። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ግን ሊያዩዋት መጥተው በሩ ላይ ቆሙና «ታቢታ፣ እስከ ነገ ምሳ ሰዓት እጠብቅሻለሁ። ከዚያ ካለፈ ሰዎቹ ሳይሳፈሩ ስልክ እየደወልን ምዝገባውን እናራዝማለን» አሏት። በቁጣ አልነበረም። ታቢታም «እሺ፣ እሞክራለሁ» አለች።

ዓርብ ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ደረሰችና በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ ክፍል ገባች። እዚያ ውስጥ አንድ አሮጌ ስክሪንና ኪቦርድ ሁሌም እንደተሰኩ ይኖራሉ። ሰርቨሩ የሚያየውንና የሚሠራውን ሁሉ በየደቂቃው የሚጽፍበት መዝገብ አለው፤ ማን መጣ፣ ማን ገባ፣ ማን ተመለሰ የሚለውን ሁሉ። ዮሴፍ አንድ ቀን በጨረፍታ አሳይቷት ነበር። አግኝታ ከፈተችውና ከላይ እስከ ታች ታነበው ጀመር። የሷ ስም አለ። «ገባች» ይላል። ከአንድ ሰከንድ በኋላ «ማንነቷ ያልታወቀ» ይላል። ደግሞ «ገባች»። ደግሞ «ያልታወቀ»። መስመር በመስመር፣ ቀኑና ሰዓቱ ሳይቀር። አሥር ጊዜ አነበበችው፤ ዓይኗ ላይ የሚጎረብጥ ነገር ግን አላገኘችም።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አቶ ሽፈራው አንድ ወረቀት ይዘው መጡ።

አቶ ሽፈራው የኮሌጁ ሬጅስትራር ናቸው። የጎንደር ሰው ሲሆኑ ሀዋሳ ከገቡ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ እስኪወጡ ሠርተው ነው ወደ ኮሌጁ የመጡት። ጽሑፋቸው እንደ ዛጎል የተደረደረ፣ ከረባታቸው ቅዳሜ እንኳ የማይፈታ፣ ደብዳቤ ላይ ነጠላ ሰረዝ የጎደለች እንደሆነ የሚመልሱ ሰው ናቸው። ታቢታን ታይፒስት ሳለች ጀምሮ «ልጄ» ይሏታል፤ እሷም «ጋሼ» ትላቸዋለች።

«ልጄ፣ እንዲያው ለክፉም ለደጉም» አሉ ወረቀቱን እያቀበሏት፣ «የማራዘሚያውን ማስታወቂያ አርቅቄያለሁ። እስከ ምሳ ከተሳካልሽ እንቀደዋለን። ካልተሳካ በታይፕ ምቺልኝ።»

ታቢታ ወረቀቱን ተቀበለች። ራስጌው ላይ፣ በዚያ በሚያምር ጽሑፋቸው፣ ቀኑ በቁጥር ተጽፏል፤ 21/5/2002።

ወረቀቱን ኪቦርዱ አጠገብ አስቀምጣ ወደ ስክሪኑ ተመለሰች። የመዝገቡ የመጨረሻ መስመር ላይ ደግሞ በእንግሊዝኛ «21 ሜይ 2002» ይላል።

ዓይኗ ከወረቀቱ ወደ ስክሪኑ፣ ከስክሪኑ ወደ ወረቀቱ ተመላለሰ።

ሃያ አንድ፣ ሃያ አንድ። ሁለት ሺህ ሁለት፣ ሁለት ሺህ ሁለት። ሜይ የፈረንጅ አምስተኛ ወር ነው። ጥር የእኛ አምስተኛ ወር ነው።

«ውይ!» አለች። ጮክ ብላ ነው ያለችው፤ አቶ ሽፈራው ደነገጡ።

አሥር ጊዜ ያነበበችው መስመር ነበር። ቢሮው ውስጥ ያለው የቀን መቁጠሪያ፣ ደብዳቤው፣ ማህተሙ፣ ደሞዝ መክፈያው ሁሉ 2002 ስለሚል፣ መዝገቡ ላይ 2002ን ስታይ ዓይኗ እንደ ጎረቤት ሰላም ብሎት አልፏል። ኮምፒውተር ግን በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው፤ ለእሱ ዘመኑ 2010 መሆን ነበረበት፤ ወሩም ጃንዋሪ።

«ጋሼ ሽፈራው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ቀስ ብላ። «ረቡዕ ዕለት እኔ ልጄን ላስከትብ በጊዜ ወጥቼ ነበር። ከዚያ በኋላ እዚህ ክፍል የገባ ሰው አለ?»

«እኔ ነኛ!» አሉ በኩራት። «መብራት ሄዶ መጣ። ከዚያ ይኼ ዕቃሽ ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ጀመረ። ገብቼ ባየው ስክሪኑ ላይ ቀንና ሰዓት አስተካክሉ ይላል። ሕፃን ይዛ ሐኪም ቤት ያለችን ሰው ለዚች ብዬ አላስቸግርም አልኩ። ቀን እኮ ነው! ዕድሜ ልኬን ቀን ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቀን ጠየቀኝ፣ ቀን ሰጠሁት። ወዲያው ዝም አለ።»

«ምን ብለው ሰጡት?»

«ምን እላለሁ? አሥራ ዘጠኝ፣ አምስት፣ ሁለት ሺህ ሁለት።» ከዚያ የታቢታን ፊት አዩና ድምፃቸው ወረደ። «ተሳሳትኩ እንዴ? ረቡዕ ጥር አሥራ ዘጠኝ አልነበረም?»

«ነበር፣ ጋሼ። ጥር አሥራ ዘጠኝ ነበር» አለች ታቢታ፤ ከዚያ በላይ መናገር አቃታት። ሳቅ ከሆዷ ተነስቶ ትከሻዋን ያንቀጠቅጣት ጀመር። አፏን በመዳፏ ብትይዘውም አልቆም አለ። አቶ ሽፈራው መነጽራቸውን አውልቀው ግራ ተጋብተው ቆሙ።

ትንፋሿ ሲመለስ ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸውና አስረዳቻቸው።

«ይኸውልዎት፣ እኔ ስገባ ሰርቨሩ የይለፍ ካርድ ይሰጠኛል። ካርዱ ላይ የሚያበቃበት ቀን ይጽፍበታል። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ኮምፒውተር ያንን ካርድ ይይዝልኛል፤ በር በከፈትኩ ቁጥር ያሳይልኛል። አሁን ሰርቨሩ የራሱን ሰዓት አይቶ "ይህ ካርድ እስከ ሜይ 2002 ያገለግላል" ብሎ ይጽፋል። የኔ ኮምፒውተር ደግሞ የሚያውቀው 2010 ነው። ካርዱን ሲያየው ጊዜው ካለፈ ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው።»

«ስለዚህ ይጥለዋል» አሉ አቶ ሽፈራው ዓይናቸው እየበራ።

«ይጥለዋል። እኔም ያለ ካርድ እቀራለሁ። ሰርቨሩ "ካርድሽስ?" ይለኛል፤ የለኝም፤ ያስወጣኛል።»

«ጊዜው ባለፈበት መታወቂያ ማለት ነው!» ጭናቸውን መታ አደረጉ። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይኼን ለመረዳት ሁለተኛ ቃል አያስፈልገውም። ወዲያው ግን ፊታቸው ጨለም አለ። «እንግዲያ ይኼን ሁሉ ጣጣ ያመጣሁት እኔ ነኛ። ሁለት ቀን ሙሉ ያንከራተትኩሽ እኔ።»

«ጣጣውን ያመጣው ባትሪው ነው፣ ጋሼ። ውስጡ ሰዓቱን የምትጠብቅ ትንሽ ባትሪ አለች፤ እሷ ስለሞተች ነው መብራት ሲሄድ ቀኑ የጠፋበት። እርስዎ ያደረጉት ማሽኑን ሐበሻ ማድረግ ብቻ ነው።»

አቶ ሽፈራው መጀመሪያ ከንፈራቸው፣ ቀጥሎ ጢማቸው፣ በመጨረሻ መላ ሰውነታቸው ሳቀ። ታቢታ በተዋወቁበት ስድስት ዓመት ውስጥ እንዲያ ሲስቁ አይታቸው አታውቅም።

ኪቦርዱን ወደ ራሷ ሳበችና ቀኑን የሚያስተካክለውን አንድ መስመር ጻፈች። ልትልከው ስትል አቶ ሽፈራው ክንዷን ያዝ አደረጉ።

«ቆይ ልጄ። ሰዓቱንም የሰጠሁት በእኛ ነው። አሥራ አንድ ከሃያ ብዬዋለሁ።»

«ሰዓቱንም!» አለች፤ እንደገና በሳቅ ፈረሰች። ቀኑንም ሰዓቱንም አርማ ላከችው።

ከዚያ ሁለቱም ወደ ታቢታ ጠረጴዛ ተጣደፉ፤ አቶ ሽፈራው ከረባታቸው ትከሻቸው ላይ ተገልብጦ። ስሟን ጻፈች፤ ፓስዎርዷን ጻፈች፤ ጠቅ አደረገች። ገጹ አንድ ሰከንድ አሰበ። ከዚያ የማስተዳደሪያው ሰሌዳ፣ በግራ በኩል ያ የለመደችው ዝርዝር፣ መሃል ላይ የተማሪዎቹ ቁጥር፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ ተከፈተ። የመንፈቁ ፈተና ውጤት አንዲት ሳትጎድል አለ።

ታቢታ እልል አለች። በቢሮ ውስጥ እልል ስትል ያ የመጀመሪያዋ ነው። ከጎን ክፍል ጸሐፊዋ ጽጌሬዳ ምን እንደተገኘ እንኳ ሳታውቅ እልልታውን ተቀበለቻት፤ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ በሩጫ መጡ።

«ተከፈተ?»

«ተከፍቷል። የሰርቨሩ ባትሪ ሞቶ ሰዓቱ ተዛብቶ ነው» አለች ታቢታ፤ ሌላውን ልትውጠው ነበር።

አቶ ሽፈራው ግን ከረባታቸውን አስተካክለው ወደ ፊት ወጡ። «አይደለም፤ ሙሉውን ንገሪያቸው። አለዚያ እኔ እነግራቸዋለሁ» አሉና ከጢጥታው ጀምረው እስከ አሥራ አንድ ከሃያው ድረስ ተረኩላቸው። ዲኗ ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። ኮሪደሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሳቀ። ትናንት «ታይፒስት ምን ታድርግ» ያለው መምህር ከሁሉም ኋላ ቆሞ ነበር። አቶ ሽፈራው ወሬውን ማን እንዳደረሳቸው እንጃ፣ ታሪኩን ሲጨርሱ ዓይናቸውን እሱ ላይ ተክለው «ይኼን ያገኘች ታይፒስት ናት፤ የአዲስ አበባውማ ባለሙያ ደምስሱት ብሎ ነበር» አሉ። መምህሩ ጨዋ ሰው ነበር፤ መጥቶ እጇን ጨበጠና «ይቅርታ ታቢታ፣ አፌ ነው» አላት።

የቀረው ባትሪው ነው። ያለ እሱ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ያው ጣጣ ይመለሳል። ታቢታ ሰርቨሩን አጥፍታ፣ ሳንቲም የምታክለውን ክብ ባትሪ በጥፍሯ ፈልቅቃ አወጣችና በባጃጅ ወደ መናኸሪያ፣ ደረሰ የሚባል ሰዓት አዳሽ ዘንድ ሄደች። ደረሰ በአጉሊ መነጽሩ እያየ ባትሪዋን አገላበጣት።

«ምን ዓይነት ሰዓት ነው? ቆመብሽ ወይስ ወደ ኋላ ቀረብሽ?»

«ወደ ኋላ ቀረብኝ።»

«በስንት ደቂቃ?»

«ስምንት ዓመት ሊሞላ አራት ወር ሲቀረው።»

ደረሰ መነጽሩን አውልቆ አያት። ቁምነገሯን መሆኑን ሲያውቅ ከመሳቢያው አንድ አዲስ ባትሪ አወጣና «ይኼን የመሰለ ሰዓት የሚያስር ሴት አይቼ አላውቅም» ብሎ ሰጣት።

ከሰዓት በኋላ ዮሴፍ ደወለ። «ጫንሽው?» አለ።

«አልጫንኩትም። ቀኑን ነው ያስተካከልኩት» አለችና ነገረችው። ዮሴፍም እንዲህ አለ፦ «እውነቱን ልንገርሽ? እኔ ቀኑን አላየውም ነበር። ጠራርጌው ነበር የምሄደው።» ለደግነቱ ያህል ይኼን አመነላት፤ እሷም አልኮራችበትም፤ ወይም ትንሽ ብቻ ኮራችበት።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው በሰው ተሞላ። ታቢታ ከጠረጴዛዋ፣ አቶ ሽፈራው ከፎርማቸው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እሳቸው ስም ሲጠሩ እሷ ስታስገባ፣ ተማሪው ስሙ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ እያየ ሲያልፍ ዋለ። ከአለታ ወንዶ የመጡ ሳያት የሚባሉ አንዲት ጎልማሳ የጤና ረዳት ኮምፒውተር ሲነኩ የመጀመሪያ ቀናቸው ነበር። ታቢታ በሲዳምኛ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። የራሳቸውን ፓስዎርድ በአንድ ጣት ጽፈው ገጹ ሲከፈትላቸው ወደ ሰልፉ ዞረው «አስገባኝ!» አሉ፤ ሰልፉም አጨበጨበላቸው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሰማንያ አራተኛው ሰው ፊርማውን አኑሮ ወጣ።

አቶ ሽፈራው ፎርሞቹን በክር አሰሩና ተነሱ። «ክብሩን ደውለሽ ጥሪው፤ ልጆቹንም ይዞ ይምጣ። ዛሬ ዓሣ እኔ ነኝ የማበላችሁ» አሉ።

ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ አሞራ ገደል ጀልባዎቹ ገብተው፣ ጥብሱ እየተንጫጫ፣ አባኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከውሃው ዳር ተሰልፈው ትርፍራፊ ሲጠባበቁ ደረሱ። ትልቁ ልጅ ወፎቹን ሊያይ ሮጠ፤ ትንሿ ልጅ አቶ ሽፈራው ጭን ላይ ተቀምጣ የከረባታቸውን ጫፍ ትጎትታለች። እሳቸው ምንም አላሏትም። አጥንቱን እየለቀሙ ያጎርሷታል፤ ክብሩ ጠይቋቸው ደግሞ ታሪኩን ከመጀመሪያው ያወሩለታል። በዚህኛው አተራረክ ሰርቨሩ ጢጥ ማለቱ ቀርቶ ጮኾ ስማቸውን ጠርቷቸዋል። ታቢታ ልታርማቸው አፏን ከፈተችና ተወችው። ፊቷን ወደ ሐይቁ ነፋስ አዙራ፣ ጣቶቿ በሎሚና በበርበሬ ተነክረው፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ ስትስቅ ዋለች።